ምዕራፍ 5፦ ይህን የጻፈው የማን እጅ ነው?

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች የአሮጌ ደብዳቤን ወረቀትና ቀለም፣ ከዚያም ማኅተሙን መርምረናል። ወረቀቱ ስለ ዘመኑ፣ ማኅተሙ ስለ ባለሥልጣኑ ምን ሊነግረን እንደሚችል አይተናል። ከጦር ሜዳ የሚላክ መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ምስክሮች አሟልቶ አይመጣም። በጥድፊያ ይጻፋል። ወረቀቱ ከሌላ ደብዳቤ ጫፍ የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙ ከጓዝ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጸሐፊው ቀኑን ሳያሰፍር ለመልእክተኛው ያስረክባል። ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችን ሲገባ የሚቀርልን ዋና ምስክር የጽሑፉ መልክ ነው፤ ፊደሉን የጣለው እጅ።

በዚህ ምዕራፍ አንድ ሐሳብ ይዘን እንቆያለን። የአንድን ሰው የእጅ ጽሑፍ ለመለየት ሁለት ወረቀቶች መመሳሰላቸው አይበቃም። አስቀድሞ ያ ሰው ራሱ ከደብዳቤ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የመለዋወጡ ወሰን ካልታወቀ መመሳሰሉም ሆነ አለመመሳሰሉ የሚያስረዳው ነገር የለም።

የነቀምቴ መዝገብ

ወለጋ ለዚህ ጥናት የታደለ አገር ነው። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች፣ ሞረዳ በከሬ፣ ልጃቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ኩምሳ ሞረዳ፣ የልጅ ልጃቸውም ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር፣ ከአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትና ከአጎራባች ሹማምንት ጋር ለዐሥርት ዓመታት በአማርኛ ተጻጽፈዋል። ከእነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከጥፋት ተርፈው ነቀምቴ ውስጥ ቆይተዋል። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የተባሉት ጣሊያናዊ የታሪክ ምሁርና የወለጋን ታሪክ በማጥናት የሚታወቁት ተሰማ ተአ ሰነዶቹን አሰናድተው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟቸዋል። መጽሐፉ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያለውን ዘመን ይሸፍናል።

የደብዳቤዎቹ ጉዳይ በአብዛኛው የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ግብር፣ ወሰን፣ አቤቱታ። አገሩ ግን የጦር ሜዳም ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ጦር በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ የተጋጠመው ለዚህ ምድር የበላይነት ነው። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ጎበና ዳጬ ጦር ከወለጋ ገዥዎች ኃይል ጋር ሆኖ የሱዳን መሐዲስቶችን ሠራዊት በምዕራብ ወለጋ ጉቴ ዲሊ ላይ አሸነፈ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖች በአርበኞች እጅ ተቃጠሉ። ከእነዚህ ዘመቻዎች የመጣ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ቢገኝ አንደኛው ጥያቄ፣ ማን ጻፈው የሚለው ነው።

ሃያ እንጀራ ከአንድ ምጣድ

አንዲት ሴት በአንድ ጠዋት ሃያ እንጀራ ጋገረች እንበል። ሁሉንም ጎን ለጎን ብትዘረጓቸው ልክ አንድ የሆኑ ሁለት አታገኙም። የመጀመሪያዋ ምጣዱ በደንብ ሳይግል የወጣች ናት፤ መሃል ላይ የወጡት ዓይናቸው ያማረ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሊጡ ሲያልቅ ሳስተዋል። ሆኖም ቤተሰቡ የእሷን እንጀራ ከጎረቤት ከመጣው ይለያል። ሊጡን ስታፈስ ከምጣዱ ዳር በየት በኩል እንደምትጀምር፣ ወደ መሃል ስትዞር ዙሩን ምን ያህል እንደምታቀራርብ፣ መሃሉን እንዴት እንደምትዘጋ፣ ጠርዙን ምን ያህል እንደምታወፍር እጇ ሳታስበው የሚደግመው ልማድ አለ። ጣዕሙ በጤፉና በእርሾው ይለወጣል፤ የእጇ አካሄድ ግን ቶሎ አይለወጥም።

ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ማንም ሰው አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ ልክ አንድ አድርጎ አይጽፍም። እንዲያውም ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ያለ ምንም ልዩነት ከገጠሙ መርማሪው የሚጠረጥረው ነገር አለ፤ አንደኛው ከሌላኛው ላይ ተገልብጦ ይሆናል። ጤናማ እጅ ይለዋወጣል፤ የሚለዋወጠው ግን በወሰን ነው።

አንዲቷን እንጀራ ብቻ ያየ ሰው ይህን ወሰን ሊያውቅ አይችልም። የጎረቤቲቱ አንዲት እንጀራ በአጋጣሚ የእሷን ትመስል ይሆናል፤ የእሷ የመጀመሪያዋ ደግሞ የራሷን ሌሎች ላትመስል ትችላለች። ሃያውንም ያየ ሰው ግን፣ ይህቺ ከእሷ እጅ አትወጣም፣ ወይም ትወጣለች፣ ብሎ ለመናገር መሠረት አለው። የእጅ ጽሑፍ መርማሪም ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አጠያያቂው ጽሑፍ በዚህ ጸሐፊ የመለዋወጥ ወሰን ውስጥ ይገባል ወይ? ቢገባስ፣ በሌሎች ጸሐፊዎች ወሰን ውስጥም ይገባል ወይ? የመጀመሪያውን ይገባል፣ ሁለተኛውን አይገባም ብሎ በማስረጃ መመለስ ሲችል ብቻ ስም ይጠራል።

ፊደሉን ጠጋ ብሎ ማየት

የአማርኛ ደብዳቤ ለመርማሪ የሚመች ጠባይ አለው፤ ብዙው አንድ ዓይነት አጀማመር ይጋራል። «ይድረስ» ብሎ ይከፍታል፤ ቀጥሎ እንደምን ሰነበትህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ይላል። ስለዚህ ሃምሳ ደብዳቤ ያለው ሰው ሃምሳ «ይድረስ» አለው። በሌላ አገር መርማሪዎች ተመሳሳይ ቃል ፍለጋ ሲለፉ፣ እዚህ ግን የዘመኑ ልማድ ናሙናውን አዘጋጅቶ ያቀርባል።

ከመክፈቻው ቀጥሎ ወደ ደብዳቤው ማብቂያ መውረድ ያሻል። ጸሐፊ ሲጀምር ይጠነቀቃል፤ ለጌታው ማዕርግ የሚገባ አምሮ የተጻፈ ፊደል ይጥላል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እጁ ይደክማል፣ ወረቀቱ ያጥረዋል፣ ያን ጊዜ ልማዱ ይገለጣል። እዚያ ላይ «መ»ን እንመልከት። ሁለቱን ክቦች ብዕሩን ሳያነሣ በአንድ ዙር ያወጣቸዋል ወይስ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይቀጥላል? «ሌ» እና «ቤ» ላይ ከቀኝ እግር ግርጌ ያለችው ቀለበት ተዘግታለች፣ ክፍት ቀርታለች ወይስ በቀለም ተሞልታለች? የ«ላ» እና የ«ባ» ቀኝ እግር ቀጥ ብሎ ይወርዳል ወይስ ወደ ውስጥ ይታጠፋል? ሁለት ነጥቧ ካለፈው ቃል ጋር ተጣብቃ ትቆማለች ወይስ በሁለቱ ቃላት መካከል? ነጥብ ናት ወይስ ጭረት? መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን ይከፍለዋል ወይስ አጨናንቆ ይጨርሰዋል?

የብዕሩ ፍጥነትም ይነበባል። በብዕር የሚጽፍ ሰው ቀለም በጠቀሰ ቁጥር ፊደሉ ይደምቃል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይፈዛል። የለመደ ጸሐፊ የሚጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ በቃላት ወይም በፊደላት መካከል ነው። የሌላ ሰው እጅ አስመስሎ የሚጽፍ ግን ቀስ ብሎ ይሥላል፤ ፊደሉ መሃል ላይ ብዕሩን ያነሣል፤ ያበላሸ ሲመስለው ተመልሶ ይደርባል። ቅርጹ የተካካለ ሆኖ መስመሩ የሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ ስለዚህ ያጠራጥራል።

አጻጻፉም ከቅርጹ ባልተናነሰ ይመሰክራል። አማርኛ አንድ ድምፅ የሚሰጡ ፊደላት አሉት፤ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ግእዝ በደንብ የተማረ ጸሐፊ ከሥርዓቱ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው እንደ ለመደው ይጥላል፤ ልማዱን ግን ይደግማል። ነቀምቴ ላይ በዚህ ላይ የኦሮምኛ ስሞች ይጨመራሉ። ከተማይቱ ራሷ ለቀምት፣ ለቀምቴ፣ ነቀምት፣ ነቀምቴ እየተባለች ተጽፋለች። በዲዴሳ ወንዝ ስም ውስጥ ያለው የኦሮምኛ ድምፅ በተለመደው የአማርኛ ፊደል ቦታ የለውም፤ ጸሐፊው በ«ደ» ዘር ለማስተናገድ ይገደዳል። ያልተወሰነ ነገር በበዛበት ቦታ ሁሉ ጸሐፊ የራሱን መፍትሔ ያበጃል፤ ከሌላው የሚለየውም በዚያ ነው።

አንድ መምህር፣ ብዙ ተማሪዎች

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ከአንድ እናት ሙያ የተማሩ እህትማማቾች እንጀራቸው እንደሚቀራረብ ሁሉ፣ በአንድ መምህር እግር ሥር የተማሩ ጸሐፊዎች እጃቸው ይቀራረባል። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ነበሩ። ዳዊት የደገመ ሁሉ ጸሐፊ አይሆንም፤ መጻፍ ሙያ ነበርና ጥቂቶች ብቻ ይማሩታል። ይህ መርማሪውን በአንድ በኩል ይረዳዋል፤ በአንድ ገዥ ቤት ብዕር የሚይዙት ጥቂት ስለ ሆኑ የሚጠረጠሩትም ጥቂት ናቸው። በሌላ በኩል ግን ጥቂቶቹ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ከሆነ የጋራ ቅርጻቸው የአንድ ሰው ሊመስለው ይችላል።

ነቀምቴ ከ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤትም አይታለች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ያሳተሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተምረዋል። በእነዚህ ዓመታት በከተማይቱ የተጻፈ ወረቀት ከሁለት የተለያየ የትምህርት ምንጭ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። መርማሪው አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን መልክ ከግለሰቡ መልክ መለየት አለበት። የጋራው ባሕርይ ከየት እንደ ተማረ ይነግራል፤ ስሙን የሚነግረው በጋራው ውስጥ የራሱ ያደረገው ነው።

ይህ ጥንቃቄ በቁጥር የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት 86 የሙያው ሰዎች 7,196 ውሳኔ እንዲሰጡ አድርጎ ነበር። የሁለት ሰዎችን ጽሑፍ የአንድ ሰው ነው ብሎ የመሳሳቱ መጠን 3.1 በመቶ ሆነ። ጸሐፊዎቹ መንትዮች ሲሆኑ ግን ስሕተቱ ወደ 8.7 በመቶ ከፍ አለ። ጥናቱ የተሠራው በላቲን ፊደል ጽሑፍ ላይ ስለ ሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ፊደል ማምጣት አይገባም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ነው፤ አብረው ያደጉ እጆች የሰለጠነ ዓይንንም ያሳስታሉ።

ከጉቴ ዲሊ መጣ የተባለ ወረቀት

እስካሁን ያልነውን በምሳሌ እንፈትነው። ከጉቴ ዲሊ ዘመቻ የተጻፈ ነው የሚባል፣ ማኅተም የሌለው፣ ጥቂት መስመር ብቻ ያለው ወረቀት እጃችሁ ገባ እንበል። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ በዘመኑ ሊኖር የማይችል ነገር አለበት ወይ የሚለውን ነው። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ገና ንጉሥ ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው። የነቀምቴው ገዥም ያን ጊዜ ሞረዳ ናቸው፤ ኩምሳ ሥልጣን የያዙት ከእሳቸው በኋላ ነው። ወረቀቱ እነዚህን ካፋለሰ ወደ እጁ መሄድ ሳያስፈልግ ነገሩ አብቅቷል፤ ወይ በኋላ ተጻፈ፣ ወይ በኋላ ተገለበጠ።

ይህን ካለፈ ናሙና ፈልጉ። ናሙናው ጸሐፊው የታወቀ ወይም ቢያንስ ከየት ቤት እንደ ወጣ የታወቀ ደብዳቤ መሆን አለበት። ዘመኑም ይቅረብ፤ የወጣትነትና የሽምግልና እጅ አንድ አይደለም። በተቻለ መጠን በጥድፊያ የተጻፈ ናሙናም ይጨመር። በቤተ መንግሥት ተረጋግቶ የተጻፈን ደብዳቤ ከጉልበት ላይ ከተጻፈ የዘመቻ ወረቀት ጋር ብቻ ማስተያየት በደረቅ እንጨት የወጣን እንጀራ በእርጥብ እንጨት ከወጣ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ቀጥታ፣ የቃላቱ ርቀት በሁኔታው ይለወጣሉና ብዙ ክብደት አትስጧቸው። የጭረቱ ቅደም ተከተል፣ ቀለበት የመዝጋት ልማዱ፣ የነጥቡ አቀማመጥ፣ የአጻጻፍ ምርጫው ግን በጥድፊያም አይጠፉም። ክብደቱ እነሱ ላይ ይሁን።

ከዚያ የምትደርሱበት ውሳኔ ደረጃ ይኑረው። ናሙናው ብዙ፣ ጽሑፉ ረጅም ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር የእሱ እጅ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ጥቂት መስመር ሲሆን፣ የእሱ እጅ ሊሆን ይችላል፣ የሚያፈርሰው ነገር አልተገኘም፣ ከማለት ማለፍ አይገባም። ናሙና ከሌለ መልሱ አይታወቅም ነው፤ ይህም ሙሉ መልስ ነው።

ልዩነትን የሚውጥ ማብራሪያ

መርማሪ ልኩን ሲያልፍ የሚሆነውን የፈረንሳይ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1894 የጦር ምስጢር ለጀርመን እንደሚሰጥ የሚገልጽ ስም የሌለው ወረቀት ተገኘ። አልፍሬድ ድሬፉስ የተባለው አይሁዳዊ ሻምበል እጁ ይመስላል ተብሎ ተያዘ። በሰውነት ልኬት የታወቀውና የእጅ ጽሑፍ ሙያ ያልነበረው አልፎንስ በርቲዮን፣ የሚመሳሰለውን የድሬፉስ እጅ ነው አለ። የማይመሳሰለውን ደግሞ ድሬፉስ እንዳይታወቅ የራሱን ጽሑፍ አስመስሎ አጣመመው አለ። በእንዲህ ያለ ማብራሪያ ማንም ነጻ ሊወጣ አይችልም፤ መመሳሰሉም ይከሰዋል፣ አለመመሳሰሉም ይከሰዋል። ድሬፉስ ወደ ሰይጣን ደሴት ተጋዘ። በኋላ ግን ሌተና ኮሎኔል ፒካር የተባለ መኮንን የሌላውን መኮንን የኤስተርሃዚን ደብዳቤዎች አይቶ የወረቀቱን እጅ ለየ። ድሬፉስ ሙሉ በሙሉ ነጻ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

የስሕተቱ ሥር እስካሁን የያዝነው ሐሳብ ነው። በርቲዮን የድሬፉስን የመለዋወጥ ወሰን በናሙና አልለካም፤ ወሰኑን በግምት እየለጠጠ የሚፈልገውን አስገባበት። ልዩነት ከመግጠሙ በፊት ወሰኑን ማበጀት አለብን፤ ከዚያ ውጭ የሆነውን ውጭ ነው ማለት ይገባል።

እጁ የጸሐፊው፣ ቃሉ የጌታው

እጁ ቢታወቅም ሥራው አላለቀም። በዚያ ዘመን ገዥ በራሱ እጅ የሚጽፈው ከስንት አንድ ነው፤ ቃሉን ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማኅተሙ ያጸናዋል። ምኒልክም እንኳ ታላቅ የጽሕፈት ሥራቸውን በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ እጅ አስይዘው ነበር። ነቀምቴ ላይ አንድ ደረጃ ይጨመራል። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የደብዳቤው ቋንቋ አማርኛ ነበር። ጸሐፊው ስለዚህ አስተርጓሚም ነው፤ ቃሉን የመረጠው እሱ ነው።

ስለዚህ የሁለት ደብዳቤዎች እጅ አንድ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱም ከአንድ ጌታ ወጡ ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው ጌታ ቀይሮ ይሆናል። እጁ የተለያየ ሲሆንም ላኪው ይለያያል ማለት አይደለም፤ ገዥው ሁለት ጸሐፊ ይኖረው ይሆናል። የእጅ ጽሑፍ ምርመራ ብዕሩን ማን ያዘ የሚለውን ይመልሳል። ትእዛዙ የማን ነው የሚለውን ለመመለስ ባለፈው ምዕራፍ ያየነው ማኅተምና የደብዳቤው ጉዳይ መጨመር አለባቸው።

ተራው ወረቀት የሚፈታው ምስጢር

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በመስከረም 1862 እ.ኤ.አ.፣ የሰሜን ወታደሮች ፍሬድሪክ ከተማ አጠገብ ሜዳ ላይ ሦስት ሲጋር የተጠቀለለበት ወረቀት አገኙ። የደቡቡ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሊ ምስጢራዊ የጦር ትእዛዝ ነበር። የጠላት ወጥመድ ይሆን? ሳሙኤል ፒትማን የተባለ መኮንን፣ ፊርማው በሊ ትእዛዝ የሚጽፈው የሮበርት ቺልተን መሆኑን አውቃለሁ አለ። በኋላ እንደ ተተረከው፣ ፒትማን ከጦርነቱ በፊት ዲትሮይት በባንክ ሲሠራ የጦሩ ገንዘብ ከፋይ የነበረውን የቺልተንን ፊርማ ደጋግሞ አይቶ ነበር። የጦር ሜዳውን ወረቀት ያሳወቀው የባንክ ወረቀት ሆነ።

የነቀምቴ መዝገብም የሚጠቅመን በዚሁ መንገድ ነው። የወርቅ ግብር ደረሰኝ፣ የወሰን ክርክር፣ ሰው ላክልኝ የምትል አጭር ደብዳቤ፣ እያንዳንዷ የአንድ ጸሐፊ እጅ ናሙና ናት። ብዙ ሆነው ሲቀመጡ የመለዋወጥ ወሰኑን ያሳያሉ፤ የታላቁን ቀን ወረቀት የሚያስመሰክሩ እነሱ ናቸው።

በነቀምቴ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በጊምቢ ቤታችሁ ውስጥ የአያት ሣጥን ያላችሁ ሁሉ፣ ታላቁን ደብዳቤ ብቻ መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ። የግብር ደረሰኙንም፣ የብድር ውሉንም፣ የሰርግ ጥሪውንም አብራችሁ አስቀምጡ። በፕላስቲክ አታሽጉ፣ በማጣበቂያ አትለጥፉ፣ ከምን ጋር አብሮ እንደ ነበር ሳትጽፉ ወረቀት ከቦታው አታንሡ። ፎቶ አንሥታችሁ ቅጂውን ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለሌላ የታሪክ ተቋም አሳዩ። ሰው የሚንቀው ወረቀት ካልተጠበቀ የሚያከብረው ወረቀት ባለቤቱ ሳይታወቅ ይቀራል።